ከዓሣ አጥማጅ ጀልባ እስከ አደን ሜዳ፦ የአምጪ ውሻና የሥልጠናው ታሪክ

ሪትሪቨር የሚባሉት የአደን ውሾች ታዳኙን አባረው የሚይዙ ወይም የተሸሸገበትን ስፍራ የሚጠቁሙ ሳይሆኑ፣ በጠመንጃ ተመትቶ የወደቀውን ወፍ ወይም ጥንቸል በማሽተት ፈልገው፣ በአፋቸው አንሥተውና ሥጋውን ሳይጎዱ ተሸክመው ለባለቤታቸው እጅ በእጅ የሚያስረክቡ በመሆናቸው፣ በዚህ ጽሑፍ አምጪ ውሾች ተብለዋል። ላብራዶርና ጎልደን ሪትሪቨር በመላው ዓለም የታወቁት የዚህ ወገን ዝርያዎች ናቸው። ታሪካቸው ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የብሪታንያ መሳፍንትና መኳንንት ታሪክ ሆኖ ይቀርባል፤ መዝገብ የያዙት፣ ደብዳቤ የተጻጻፉትና የውሾቻቸውን ሥዕል ያሠሩት እነርሱ ስለነበሩ ይህ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ውሻውን ለሥራ ያበቁት ስማቸው በየትም ያልተመዘገበ ዓሣ አጥማጆች ሲሆኑ፣ በአደን ሜዳ ተፈላጊ ያደረገው ደግሞ የጠመንጃ አሠራር መለወጥ ነው፤ የመኳንንቱ ድርሻ ዘሩ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነበር፣ እርሱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በተለይ ካልተገለጸ በቀር እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከሰሜን አሜሪካ በስተ ምሥራቅ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ የምትገኘው የኒውፋውንድላንድ ደሴት ከ16ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንግሊዞች፣ ፈረንሣዮች፣ ፖርቱጋሎችና ባስኮች በየበጋው ኮድ የተባለውን ዓሣ ሊያጠምዱ የሚጎርፉባት ስፍራ ነበረች፤ ኮድ በጨው ታሽቶና ደርቆ ለወራት ሳይበላሽ ስለሚቆይ ለአውሮፓ ገበያ ትልቅ ሸቀጥ ነበር። በደሴቲቱ የተገኙት ውሾች መርከበኞቹ ይዘዋቸው ከመጡ ልዩ ልዩ የአውሮፓ ውሾች ተዳቅለው እንደተወለዱ ይታመናል። ከእነዚህም አንደኛው ግዙፍና ፀጉረ ረጅም ሲሆን፣ ሁለተኛው በቁመቱ መካከለኛ፣ ፀጉሩ አጭርና ጥቅጥቅ ያለ፣ መልኩ ጥቁር ሆኖ በደረቱና በእግሮቹ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት፣ ጅራቱ ከሥሩ የደነደነ ነበር፤ ይህ ሁለተኛው በደሴቲቱ ዋና ወደብ ስም የሴንት ጆንስ ውሻ ተባለ። በዚያ ብርድ ፀጉረ ረጅም ውሻ ከውሃ ሲወጣ በረዶ ይጋገርበት ስለነበር ለጀልባ ሥራ የሚመረጠው ፀጉረ አጭሩ ነበር።

የሴንት ጆንስ ውሻ እንጀራውን በላቡ የሚበላ እንስሳ ነበር። ዓሣ አጥማጁ መንጠቆ የተደረደረበትን ገመድ ከጥልቁ ሲስብ፣ በመንጠቆው የተያዘው ኮድ የውሃው ፊት ላይ ሲደርስ ተላቆ ሊያመልጥ ይችላል፤ ከጀልባዋ ጠርዝ ላይ ሆኖ ገመዱን በዓይኑ ሲከተል የቆየው ውሻ በዚያች ቅጽበት በረዶ ወደሚያክለው ውሃ ዘሎ ዓሣውን በአፉ ይዞ ይመለሳል። የመረብና የገመድ ጫፍ እየያዘ ከጀልባ ወደ ጀልባ ወይም ወደ ዳርቻ መዋኘትም ሥራው ነበር። የተቦጫጨቀ ዓሣ ዋጋ ስለሚያጣ ጥርሱን የሚያሳርፍ ውሻ ለዓሣ አጥማጅ ኪሳራ እንጂ ረዳት አይሆንም፤ ኋላ አዳኞች ለስላሳ አፍ ብለው ያደነቁት፣ ማለትም የያዘውን ሳይጨመድድ የመሸከም ጠባይ፣ ምንጩ ይኸው የጀልባ ሥራ ሳይሆን አይቀርም። በሌላ በኩል ውሾቹ ሥራ በሌለባቸው ወራት ራሳቸውን ለመመገብ በየመንደሩ ሲንከራተቱ በጎች ይፈጁ ነበር፤ በ1780 የደሴቲቱ ገዥ ሪቻርድ ኤድዋርድስ አንድ ቤተሰብ ከአንድ ውሻ በላይ እንዳይይዝ ያዘዙትም ከዚህ ጋር በተያያዘ ምክንያት ነው።

በደቡብ እንግሊዝ በዶርሴት ግዛት የምትገኘው የፑል ከተማ ከኒውፋውንድላንድ ጋር በሚደረገው የኮድ ንግድ የበለጸገች ወደብ ነበረችና፣ ጨው የበላውን ዓሣ ጭነው የሚመለሱት መርከቦች ውሾችንም ያመጡ ነበር። ከወደቡ ብዙም ሳይርቅ ሄሮን ኮርት የተባለ ረግረግና ወንዝ የበዛበት ርስት የነበራቸው ሁለተኛው የማልምስበሪ ኧርል (ኧርል ከብሪታንያ የመኳንንት ማዕረጎች አንዱ ነው)፣ ዳክዬ ሲመታ ውሃ ውስጥ ስለሚወድቅ ዋና የማይፈራ ውሻ ያስፈልጋቸው ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ከነዚህ ውሾች ገዝተው ማራባት ጀመሩ። በ1814 ኮሎኔል ፒተር ሃውከር ለወጣት አዳኞች ባሳተሙት የመመሪያ መጽሐፍ የሴንት ጆንስን ውሻ ከግዙፉ ዘመዱ ለይተው ገልጸው፣ ለማንኛውም ዓይነት የጠመንጃ አደን እጅግ የሚመች መሆኑን መስክረዋል። በዚሁ ዘመን በ1807 ካንተን የተባለች የአሜሪካ መርከብ በሜሪላንድ ዳርቻ አጠገብ ከምትሰጥም የእንግሊዝ መርከብ ሰዎችን ስታድን፣ ከኒውፋውንድላንድ የተጫኑ ሁለት ቡችሎችንም አወጣች፤ ወንዱ ሴይለር፣ ሴቷም በአዳኟ መርከብ ስም ካንተን ተባሉና በቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ዳክዬ አዳኞች ዘንድ የታወቀው የአሜሪካ አምጪ ውሻ የዘር ሐረጉን ወደ እነርሱ ይቆጥራል።

እስከዚህ ዘመን ድረስ ግን በእንግሊዝ የየብስ አደን አምጪ ውሻ የግድ አስፈላጊ አልነበረም። ጠመንጃው ከአፈሙዙ ባሩድና እርሳስ የሚጎርስና በባልጩት እሳት የሚተኩስ ስለነበር፣ አዳኙ አንድ ጊዜ ተኩሶ እንደገና እስኪያጎርስ ድረስ ረጅም ጊዜ ይወስድበታል፤ ስለዚህ አደኑ ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ወፉን በሽታ አግኝቶ ድርቅ ብሎ በመቆም በሚጠቁም ውሻ የሚመራ ነበር፣ የወደቀችውንም አንዲት ወፍ ያው ውሻ ወይም አሽከር ያነሣታል። ነገሩን የለወጠው መጀመሪያ ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ፎርሳይት በ1807 የባለቤትነት መብት ያገኙበት፣ በምት የሚነድ ኬሚካል ባሩዱን የሚያቀጣጥልበት ስልት፣ ከዚያም በፈረንሣይ ለፎሼ የተባለ ጠመንጃ ሠሪ በ1830ዎቹ የሠራውና በ1851 በለንደኑ ታላቅ ዐውደ ርእይ ላይ እንግሊዞች ያዩት፣ በወገቡ ታጥፎ ከኋላ ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። ከዚህ በኋላ አዳኙ በደቂቃ ብዙ ጊዜ መተኮስ ስለቻለ፣ ወፎቹን ሄዶ መፈለግ ቀረና የተቀጠሩ ሰዎች ጫካውን በዱላ እየመቱ ወፎቹን በተደረደሩት ተኳሾች አናት ላይ እንዲበሩ የሚያደርጉበት የማንቀሳቀስ አደን ተስፋፋ። የሚገደለው ብዛት አሁን ሲታይ ለማመን ያስቸግራል፤ የዘመኑ አንደኛ ተኳሽ የተባሉት የሪፐን ማርኪስ ከ1867 እስከ ሞቱበት 1923 ድረስ በራሳቸው መዝገብ 556,813 ታዳኝ ገድለዋል።

ለዚህ ዓይነቱ አደን የሚሆን ውሻ ከቀድሞው ፈጽሞ የተለየ ጠባይ ይጠይቅ ነበር። በዙሪያው በርካታ ወፎች ከሰማይ ሲወርዱ፣ ጠመንጃ ሲጮህና ሰው ሲንጫጫ ውሻው በተኳሹ እግር ሥር ሳይነቃነቅና ሳያላዝን ተቀምጦ፣ እያንዳንዱ ወፍ የወደቀበትን ቦታ ልብ ብሎ፣ ሂድ ሲባል ብቻ ሄዶ ማምጣት አለበት። ሁሉም ወፍ ሞቶ አይወድቅም፤ ክንፏ የተሰበረ ወፍ መሬት ስትነካ ተነሥታ በእግሯ ትሮጣለችና፣ ውሻው በሺህ ከሚቆጠሩ ሽታዎች መካከል የዚያችን የቆሰለች ወፍ ዱካ ለይቶ መከተል ይጠበቅበታል። አጥማጆቹ ለብርድና ለውሃ ያበጁት ውሻ ድንቅ አፍንጫና ለስላሳ አፍ ነበረው፤ ያልነበረው ትዕግሥት ነው። ጀልባ ላይ ዓሣው እንደተላቀቀ መዝለል ሙያ ሲሆን፣ በአደን ሜዳ ሳይታዘዝ መዝለል ዋነኛ ጥፋት ሆነ፤ የአምጪ ውሻ ሥልጠና ታሪክ በአመዛኙ ይህን ዝላይ የማዘግየት ታሪክ ነው።

ሥልጠናው በጊዜው ውሻ መስበር ይባል የነበረ ሲሆን አደራረጉም ስሙን የሚመስል ነበር፤ ጅራፍና ወደ ውስጥ ሹል ያለው አንገት ማሰሪያ የተለመዱ መሣሪያዎች ነበሩ። በ1848 የጦር መኮንኑ ዊልያም ኔልሰን ሃቺንሰን ያሳተሙት የውሻ ሥልጠና መጽሐፍ ከዚህ የተለየ መንገድ አሳየ። ሃቺንሰን ቡችላው ገና በቤትና በግቢ ሳለ ትእዛዝን ደረጃ በደረጃ እንዲማር፣ በትክክል ሲሠራ ወዲያውኑ ቁራሽ ምግብ እንዲሰጠው፣ ከሩቅም በእጅ ምልክት ወደ ቀኝና ወደ ግራ እንዲታዘዝ ይመክራሉ። መጽሐፉ ደጋግሞ ቢታተምም የአብዛኞቹ አሠልጣኞች እጅ ከጅራፉ ለመላቀቅ ሌላ ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል።

ወደ ውሻው ዘር ስንመለስ፣ በስኮትላንድ አምስተኛው የባክሉ መስፍንና አሥረኛው የሆም ኧርል በ1830ዎቹ ከኒውፋውንድላንድ የመጡ ውሾችን ያራቡ ነበር። በዚያው አገር በኢንቨርነስ ደጋ ጊሳካን የተባለውን ርስት የገዙት ዱድሊ ማርጆሪባንክስ፣ ኋላ ሎርድ ትዊድማውዝ የተባሉት፣ በ1865 በብራይተን ከተማ ኑስ የተባለ፣ ከጥቁር ወላጆች የተወለደ ቢጫ ውሻ አገኙ፤ ይህንንም በ1868 ቤል ከተባለች የትዊድ ወንዝ የውሃ ውሻ ጋር አዳቅለው ክሮከስ፣ ካውስሊፕና ፕሪምሮዝ የሚል የአበባ ስም የወጣላቸው ቢጫ ቡችሎች ተወለዱ። የዛሬው ጎልደን ሪትሪቨር ከእነዚህ የተገኘ ነው። ይሁንና ለብዙ ዓሥርት ዓመታት የሚነገረው ሎርዱ ብራይተን ላይ የሩሲያ ሰርከስ ሲያሳዩ የነበሩ ውሾችን በሙሉ እንደገዙ የሚገልጽ ተረት ነበር፤ ተረቱ የፈረሰው በ1952 ሲሆን፣ ያፈረሰውም ከ1835 እስከ 1890 ድረስ በጊሳካን የተያዘው የውሾች መዝገብ ለሕዝብ መገለጹ ነው፤ በዚያ መዝገብ ውስጥ አንድም የሩሲያ ውሻ የለም። ስለ ውሻ ዘር የሚወራ ማንኛውም የሚጥም ታሪክ መዝገብ እስኪታይ ድረስ በጥርጣሬ ቢያዝ ይበጃል።

ከሴንት ጆንስ ውሻ የተገኘው ላብራዶር ግን በዚሁ ጊዜ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። ኒውፋውንድላንድ የበግ እርባታን ለማስፋት በ1885 ባወጣችው ሕግ የውሻ ግብርና እገዳ ስትጥል፣ ብሪታንያም የእብድ ውሻ በሽታን ለመከላከል ከውጭ የሚገቡ ውሾች ለወራት ተለይተው እንዲቆዩ የሚያስገድድ ሥርዓት በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ ስላጸናች የአዲስ ውሾች ምንጭ ደረቀ። የባክሉና የሆም ዘሮችም ተመናምነው ነበር። በ1880ዎቹ መጀመሪያ ስድስተኛው የባክሉ መስፍንና የሆም ኧርል ወደ ደቡብ እንግሊዝ ለጉብኝት በወረዱ ጊዜ የሦስተኛውን የማልምስበሪ ኧርል ውሾች በዳክዬ አደን ላይ አይተው ተደነቁ፤ ሽማግሌው ኧርል አባታቸው ከፑል ከገዟቸው ውሾች ጀምሮ ዘሩን በተቻላቸው መጠን ሳይደባልቁ ጠብቀውት ነበር። ለባክሉ መስፍን ከሰጧቸው ውሾች መካከል በ1882 የተወለደው ኔድና በ1885 የተወለደው ኤቨን የዛሬው የላብራዶር ዘር ምሰሶዎች ሆኑ። ሁለት ርስቶች ባይገናኙ ኖሮ ዝርያው ምናልባት ኋላ እንደጠፋው እንደ ሴንት ጆንስ ውሻ ይጠፋ ነበር።

የብሪታንያ የውሻ ማኅበር፣ ኬነል ክለብ ተብሎ የሚታወቀው፣ በ1873 ሰዋሊስ ሸርሊ በተባሉ ባለርስት መሪነት ተመሠረተ፤ ሸርሊ ራሳቸው ረጅምና ለጥ ያለ ጥቁር ፀጉር ያለውን የፍላት ኮት ዝርያ ያደረጁ ሰው ስለሆኑ እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በየአደኑ የሚታየው አምጪ ውሻ በአብዛኛው እርሱ ነበር። በ1900 ገደማ አምጪ ውሾች በእውነተኛ አደን ላይ በዳኞች ፊት የሚወዳደሩበት የሜዳ ፈተና ተጀመረ፤ ላብራዶር በ1903 በኬነል ክለብ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ፤ በዓመቱ የአርተር ሆላንድ ሂበርት፣ ኋላ ሎርድ ነትስፎርድ የሆኑት፣ ንብረት የነበረችው መንደን ሲንግል የተባለች ሴት ውሻ በሜዳ ፈተና ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ ላብራዶር ሆነች።

የሜዳ ፈተናው ሥልጠናን ወደ ሳይንስ የሚያስጠጋ ጥብቅነት አመጣ። ውሻው ያመጣትን ወፍ ዳኛው በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ የደረቷን ላባ እፍ ብሎ ከገለጠ በኋላ አውራ ጣቱንና ጠቋሚ ጣቱን በግራና በቀኝ ጎድኗ ላይ አሳርፎ ይዳስሳል፤ በእርሳስ የተመታ ወይም ከከፍታ የወደቀ ወፍ ጎድኑ በአንድ ወገን ሊሰበር ይችላል፣ በሁለቱም ወገን እኩል ገባ ብሎ ከተገኘ ግን የውሻው መንጋጋ ጨምድዶታል ማለት ነውና ውሻው ከውድድር ይወገዳል። ሳይታዘዝ የሮጠ፣ ያላዘነ፣ ውሃ አልገባም ያለ፣ በአፉ የያዘውን ጥሎ ሌላ ያነሣም እንዲሁ ይወገዳል። እነዚህ ጥፋቶች ዛሬም በብሪታንያ የፈተና ደንብ ውስጥ አሉ።

በዚህ መድረክ ላይ ብቅ ካሉት ሰዎች አንዱ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ ሊሆን የማይገባው አርቺባልድ ባተር ነው። በስኮትላንድ የፋስካሊ ርስት ባለቤት የነበረው ባተር በ1902 መገባደጃ ላይ በዳግማዊ ምኒልክ ፈቃድ የኢትዮጵያንና የእንግሊዝ ምሥራቅ አፍሪካን ወሰን የሚያጠና ቡድን አስከትሎ ወደ ደቡብ ተጓዘ፤ የጉዞውን ወጪ የሸፈነው እርሱ ራሱ ሲሆን፣ የካርታ ሥራውን የመራው የእንግሊዝ መሐንዲሶች ጦር መኮንን ካፒቴን ፊሊፕ ሞድ ነበር። በ1907፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የደቡብ ወሰን ውል መነሻ ያደረገው በአመዛኙ ይህን ጥናት ነው፤ ዛሬ በሞያሌ በኩል የሚያልፈው ድንበር መሠረቱ ይኸው ነው።

ባተር ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ፒተር የተባለ ላብራዶር አሠልጥኖ በ1911 የአምጪ ውሾች ሻምፒዮና አሸነፈ። ያስገረመው ማሸነፉ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ ነበር። እስከዚያ ድረስ ውሻ ወፍ የወደቀበትን ካላየ በግምት እየማሰነ በአፍንጫው እስኪያገኝ ይተው ነበር፤ ባተር ግን ከስኮትላንድ እረኞች የተማረውን ስልት ተጠቅሞ ውሻውን በፉጨት ከሩቅ አስቁሞ ፊቱን እንዲያዞር አደረገው፣ ከዚያም ክንዱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ዘርግቶ ወደሚፈለገው ስፍራ ላከው። በጎችን በፉጨትና በምልክት የሚነዱ ውሾች ውድድር በዌልስ ከ1873 ጀምሮ ይካሄድ ስለነበር ስልቱ ለእረኞች አዲስ አልነበረም፤ ሃቺንሰንም የእጅ ምልክትን ከስድሳ ዓመት በፊት ጽፈውበታል። ሆኖም መጽሐፍ ላይ መጻፍና በተመልካች ፊት ማሳየት አንድ አይደሉምና ሌሎች አሠልጣኞች ፉጨቱን መቅዳት የጀመሩት ከፒተር በኋላ ነው። በዚሁ ለውጥ የአምጪ ውሻ ሥራ በሁለት ተከፈለ፤ አንደኛው ውሻው ወፉ ሲወድቅ አይቶ ሄዶ የሚያመጣው ሲሆን፣ ሁለተኛው ወፉን ሳያይ በአሠልጣኙ ምሪት ብቻ የሚደርስበት ነው።

ከዚህ ጊዜ ጀምሮ የተደላደለው የሥልጠና ቅደም ተከተል እስከ ዛሬ ብዙም አልተለወጠም። ቡችላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስሙን አውቆ መምጣት፣ በእግር ሥር መሄድና በተባለበት ቦታ ረግቶ መቀመጥ ይማራል፤ ከዚያ በኋላ በሸራ የተሸፈነ ቀላል ጥቅል ይወረወርለትና እንዲያመጣ ይደረጋል፣ ነገር ግን ከተወረወሩት መካከል አብዛኛዎቹን ውሻው ተቀምጦ እያየ አሠልጣኙ ራሱ ሄዶ ያነሣቸዋል፤ ይህ የሚደረገው የወደቀ ነገር ሁሉ የእርሱ እንዳልሆነ እንዲለምድ ነው። ጀማሪ ባለቤቶች አብዝተው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ቡችላው ሲሮጥ ማየት ደስ ስለሚላቸው በቀን ብዙ ጊዜ ይወረውሩለትና በስድስት ወሩ ጥቅሉ ከእጅ ሳይወጣ የሚፈተለክ ውሻ ያፈራሉ፣ ያንን መመለስ ደግሞ ከመጀመሪያው ከማስተማር ይከብዳል። የተኩስ ድምፅ መጀመሪያ ከሩቅ፣ ቀስ በቀስ ከቅርብ ይሰማዋል፤ ቀጥሎ የቀዘቀዘች የሞተች ወፍ፣ ከዚያም ውሃ ይመጣል። የቆሰለና የሚሮጥ ወፍ የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከተሰጠው እየታገለች ያለችውን ወፍ ጨምድዶ መያዝ ይለምዳልና።

በዚህ መካከል የማንቀሳቀስ አደኑ ቀጥሎ፣ በእንግሊዝ ሃል ባርን በተባለ ርስት ዲሴምበር 18 ቀን 1913 ንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ በተገኙበት በአንድ ቀን 3,937 ፌዛንት፣ ማለትም ጅራተ ረጅም የቆቅ ዘመድ የሆኑ ወፎች፣ ተገደሉ፤ ንጉሡ ራሳቸው ከልክ እንዳለፈ ለልጃቸው እንደነገሯቸው ይነገራል። በቀጣዩ ዓመት ጦርነት ተነሣና ከየርስቱ ወጣት የአደን ጠባቂዎች ዘምተው ብዙዎቹ ሳይመለሱ ቀሩ፤ ትልልቅ የውሻ ማራቢያዎች ተዘጉ፤ ፍላት ኮትም ከዚያ ወዲያ የቀድሞ ስፍራውን አላገኘም። በ1916 በጦርነቱ መካከል ሎርድ ነትስፎርድና ሎርና፣ ኋላ ካውንተስ ሃው የሆኑት ወይዘሮ፣ የላብራዶር ማኅበርን አቋቁመው የዝርያውን የመልክ መስፈርት አወጡ። ካውንተስ ሃው በ1918 የተረከቡት ባንቾሪ ቦሎ ከአንድ አሠልጣኝ ወደ ሌላ ሲዘዋወር የቆየ፣ አስቸጋሪ ነው ተብሎ ተስፋ የተቆረጠበት ውሻ ነበር፤ እርሳቸው ግን ያለ ጅራፍ በትዕግሥት ይዘውት በመልክም በሜዳም ሻምፒዮን የሆነ የመጀመሪያው ላብራዶር ለመሆን በቃ። በሃቺንሰን መጽሐፍ ለማያምን አሠልጣኝ ከቦሎ የተሻለ ማስረጃ አልነበረም።

አሜሪካ ውስጥ ላብራዶር ሥር የሰደደው በ1930ዎቹ ነው። የኒው ዮርክ ባለጸጎች ውሾቹን ብቻ ሳይሆን ስኮትላንዳውያን የአደን ጠባቂዎችንም ጭምር ያስመጡ ሲሆን፣ የመጀመሪያው የላብራዶር ሜዳ ፈተና ዲሴምበር 21 ቀን 1931 በኒው ዮርክ ግዛት ቼስተር በተባለ ስፍራ ተካሄደ። ከመጡት አሠልጣኞች አንዱ የሆነው ዴቭ ኤሊየት የእረኛ ውሾችን የፉጨትና የእጅ ምልክት ስልት ለአሜሪካውያን አስተማረ፤ እነርሱም ስልቱን ከእንግሊዞቹ አሻግረው ወሰዱት። የአሜሪካ አደን በሰፊ ረግረግና ሐይቅ ላይ ስለሆነ ውሻው ያላየው ወፍ ዘንድ በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ርቀት ቀጥ ባለ መስመር እየዋኘ እንዲደርስ ይፈለጋል፤ የብሪታንያ ዳኛ ግን እስከ ዛሬ አፍንጫውን አምኖ ብዙ ሳይፏጭለት የሚፈልገውን ውሻ ያስቀድማል። በ1950ዎቹ ጎልቶ የወጣው ኪንግ በክ የተባለ ላብራዶር በ1952 እና በ1953 ተከታትሎ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ፤ ባለቤቱ የዊንቸስተር ጠመንጃ ፋብሪካ ጌታ ጆን ኦሊን ነበር። በ1959 መንግሥት ለዳክዬ አዳኞች በየዓመቱ በሚሸጠውና ገቢው ለረግረጋማ ስፍራዎች ጥበቃ በሚውለው ቴምብር ላይ ኪንግ በክ ዳክዬ በአፉ ይዞ ተሥሏል፤ መልእክቱም አምጪ ውሻ ያለው አዳኝ ተመትቶ በሳር ውስጥ የሚጠፋውን ወፍ ስለሚያገኝ ብክነትን ይቀንሳል የሚል ነበር።

ከዚሁ ዘመን ጀምሮ በአሜሪካ አሠልጣኞች ዘንድ ከሩቅ የኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያደርስ የአንገት ማሰሪያ ተስፋፋ። ደጋፊዎቹ ጅራፍን ያስቀረ መሣሪያ ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎቹ ጅራፉን ወደ ኪስ ያስገባ ብቻ ነው ይላሉ፤ ዌልስ በ2010 በሕግ አግዳዋለች። የቦሎን ታሪክ ላየ ሰው የተቃዋሚዎቹ ወገን ይበልጥ ሚዛን የሚደፋ ይመስላል።

ዝርያው በተስፋፋ መጠን ለሁለት ተሰንጥቋል። ለውበት ትርኢት የሚራባው ላብራዶር ወፍራምና እግረ አጭር ሲሆን ለሥራ የሚራባው ቀጠን ያለና ፈጣን ነው፤ ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በብሪታንያ እንደ ቦሎ በሁለቱም መድረክ ሻምፒዮን የሆነ ላብራዶር አልተገኘም። የሴንት ጆንስ ውሻ የመጨረሻዎቹ ሁለት ያረጁ ወንዶች በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኒውፋውንድላንድ ግራንድ ብሩዊ በተባለች የዓሣ መንደር ፎቶግራፍ ተነሥተው ዘሩ ጠፋ፤ ልጅ ልጆቹ ግን ከ1991 እስከ 2021 ድረስ በአሜሪካ ከሁሉም ይበልጥ የሚመዘገቡ ዝርያ ነበሩ። በ2016 የኬምብሪጅ ተመራማሪዎች ከላብራዶሮች ሩብ ያህሉ የመጥገብ ስሜትን የሚቆጣጠር ዘረመል ክፍል እንደጎደላቸው አሳዩ፤ ይህ ጉድለት ውሻውን ለምግብ የሚጓጓ፣ ስለዚህም በምግብ በቀላሉ የሚሠለጥን፣ ግን ደግሞ ለውፍረት የተጋለጠ ያደርገዋል፤ ለዓይነ ስውራን መሪነትና ለመሰል አገልግሎት በሚመረጡት ውሾች ላይ ይበልጥ በዝቶ መገኘቱም ሥልጠና ሳያውቅ የትኛውን ጠባይ ሲመርጥ እንደኖረ ያመለክታል።

በአገር ውስጥም ሆነ በውጭ የሚኖር አንባቢ ላብራዶር ወይም ጎልደን ለመያዝ ካሰበ፣ ቡችላውን ከማንሣቱ በፊት ወላጆቹ ለሥራ የተራቡ ወይስ ለትርኢት የሚለውን ጠይቆ ይወቅ፤ የወላጆቹን የዳሌ መገጣጠሚያ የራጅ ውጤት ይይ፤ ምግቡን በዓይን ግምት ሳይሆን በሚዛን ይስጠው። የሥራው ዘር በየቀኑ ሩጫና ፈልጎ የሚያመጣው ነገር ካላገኘ ቤት ያፈርሳል፤ ለዚያ ጊዜ የሌለው ሰው ሌላ ዝርያ ቢመርጥ ለራሱም ለውሻውም ይሻላል።